“ይገባዋል” ስንል ምን ማለታችን ነው? ሜሪቶክራሲ የሚባለው ቃልና የደሴ ክርክር

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ደሴ ላይ አንድ ክርክር ይነሳል። ፒያሳ ካፌ ውስጥ ይሰማል፤ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ታክሲ ላይም ይሰማል። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ለገባ ሰውም ወሬው ያው ነው። አንዱ፣ “ፈተናው አበጥሮ ለይቷል፤ ያለፈው ይገባዋል” ይላል። ሌላው፣ “ያላስተማሩትን ልጅ ፈትኖ መጣል ምን ይሉታል?” ይላል። ሦስተኛው ሁለቱንም አያምንም። “ቢያልፍስ? ሥራ የሚገኘው በሰው ነው” ብሎ ወሬውን ይዘጋዋል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በዚህ ክርክር ውስጥ አንድ የውጭ ቃል ገብቷል። ሜሪቶክራሲ ይባላል፤ ቦታ በችሎታ ይሰጥ እንደ ማለት ነው። ባጭሩ “ሜሪት” የሚሉትም አሉ። ባለሥልጣናት ስለ ቅጥርና ስለ ሹመት ሲናገሩ “ሜሪትን መሠረት ያደረገ” ይላሉ። የመንግሥት ሠራተኛው ምደባ ሲመጣ ቃሉን ይሰማዋል። ተማሪው ከዩኒቨርሲቲ ምደባ ጋር ያያይዘዋል። ግን ሁሉም አንድ ነገር ማለታቸው አይደለም።

ክርክሩን የሚያከርረው ቁጥሩ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈተናውን ከወሰዱት 585 ሺህ 882 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 48 ሺህ 929 ናቸው። 8.4 በመቶ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ዓመታት የባሱ ነበሩ። በ2014 ያለፈው 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ ነበር። ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላይ በሚወድቅበት አገር “ያለፈው ይገባዋል” ብሎ ማቆም አይቻልም። “የወደቀውስ ምን ይገባዋል?” የሚለው ወዲያው ይከተላል።

ቃሉ ሲወለድ መልካም ስም አልነበረም

ሜሪቶክራሲ ከሁለት ቋንቋዎች የተገጣጠመ ቃል ነው። “ሜሪት” ምንጩ ላቲን ነው፤ አንድ ሰው በሥራው የተነሳ የሚገባውን ነገር ያመለክታል። “ክራሲ” የግሪክ ነው። ዴሞክራሲ በሚለው ቃል ውስጥ እንዳለው ሁሉ ሥልጣንን፣ አገዛዝን ይጠቁማል። ሲገጣጠም “የሚገባቸው ሰዎች አገዛዝ” እንደ ማለት ይሆናል።

ቃሉ የወጣው እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። አለን ፎክስ የተባለ ምሁር በ1956 በአንድ ጽሑፉ ተጠቅሞበታል። በዓለም የታወቀው ግን በማይክል ያንግ በኩል ነው። ያንግ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ነበር። የእንግሊዝ ሌበር ፓርቲ የ1945 የምርጫ ማኒፌስቶ ሲረቀቅ ዋና ተሳታፊ ነበር። በ1958 ያሳተመው መጽሐፍ በ2034 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያለ ሰው ወደ ኋላ ዞሮ የሚተርከው ሆኖ ቀርቧል። በዚያ ዓለም የአባት ሀብትና የዘር ሐረግ አይሠሩም። የሚለካው የአእምሮ ችሎታና ጥረት ነው። ሁለቱ ተደምረው ሜሪት ይባላሉ። የተመረጡት ላይ ይወጣሉ፤ ያልተመረጡት ታች ይቀራሉ። የታሪኩ መጨረሻ አመፅ ነው።

ያንግ ይህን የጻፈው ለማስጠንቀቅ ነበር። በዘመኑ የእንግሊዝ ልጆች በ11 ዓመታቸው አካባቢ ይፈተኑና ወደ ተለያየ ትምህርት ቤት ይከፈሉ ነበር። ገና በልጅነቱ “አንተ አትሆንም” የተባለ ልጅ ያንን ፍርድ ዕድሜውን ሙሉ ይሸከመዋል። የያንግ ስጋት እንዲህ ሊባል ይችላል። በአባቱ ስም ወንበር ያገኘ ሰው ቢያንስ በልቡ ዕድለኛ መሆኑን ያውቃል። ታች ያለውም “ጊዜ ጣለኝ እንጂ እኔ ከማንም አላንስም” ብሎ ይጽናናል። ሁለቱም ቦታቸውን በፈተና አገኙት ሲባል ግን ላይ ያለው ይታበያል። ታች ያለው መጽናኛ ያጣል።

ቃሉ ከጊዜ በኋላ ተገለበጠ። ለማስጠንቀቂያ የተጻፈው ነገር የፖለቲከኞች የተስፋ ቃል ሆነ። ያንግ እ.ኤ.አ. በ2001፣ በ85 ዓመቱ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌር ቃሉን መጠቀም ቢተዉ እንደሚሻል በጋዜጣ ጻፈ። በቀጣዩ ዓመት ጥር ላይ አረፈ። ቃሉ ግን መንገዱን ቀጠለ፤ እኛም ዘንድ የደረሰው ከተገለበጠ በኋላ ነው።

ገባው እና ይገባዋል

አማርኛ ለዚህ ቃል አንድ ቁርጥ ያለ ምትክ የለውም። “ብቃት”፣ “ችሎታ”፣ “ውጤት” እያልን እንተካዋለን። ለላቲኑ የሚቀርበው ግን “ይገባዋል” የሚለው ይመስለኛል። ይህ ቃል ደግሞ ሁለት ፊት አለው።

“ይህ ልጅ ሒሳብ ይገባዋል” ስንል ትምህርቱ ይከሰትለታል፣ ይረዳዋል ማለታችን ነው። “ይህ ልጅ ሽልማት ይገባዋል” ስንል ደግሞ ድርሻው ነው፣ መብቱ ነው ማለታችን ነው። የመጀመሪያው ስለ ችሎታ ይናገራል። ሁለተኛው ስለ ፍትሕ። አንድ ቃል ናቸው፤ ግን ሁለት ጥያቄ ይመልሳሉ። “ብቃት”ም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። “በቃ” የሚለው ግስ ለሥራ መድረስን ብቻ አይናገርም። ሰው “ለወግ ለማዕረግ በቃ” ይባላል። “የበቁ አባት” ሲባል ደግሞ ቅድስና ነው። ስለዚህ አንድን ሰው “ብቁ አይደለም” ስንል ሥራውን አይችልም ማለት ፈልገን፣ የሰውየውን ሰውነት የነካን ይመስላል።

ሜሪቶክራሲ ላይ ያለው ግራ መጋባት ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው፣ “ይህን ሥራ ማን ይችላል?” የሚለው ነው። ይህ ውስን ነው። በአንድ ሥራ፣ በአንድ ጊዜ ይለካል፤ ዘንድሮ ያልቻለ ከርሞ ሊችል ይችላል። ደሴ ሆስፒታል ምጥ የያዛት እናት የምትፈልገው የሚችል እጅ ነው። እዚህ ላይ ማመቻመች የለም። ሁለተኛው፣ “ማን ምን ይገባዋል?” የሚለው ነው። ክብር፣ ኑሮ፣ ሕክምና፣ ለልጁ ትምህርት። ይህ በፈተና ወረቀት ሊመለስ አይችልም።

ሥራውን ለሚችለው ስጡ የሚለውን ጥያቄ አጥብቆ መያዝ ይገባል። ያልቻለው ሰው ከዚያ ሥራ ውጭ ምንም አይገባውም የሚለውን ደግሞ አጥብቆ መቃወም ይገባል። ችግሩ ቃሉ ሁለቱን በአንድ ገመድ አስሮ ማምጣቱ ነው።

ዘመድ ለምን ይቀድማል?

ወደ ሦስተኛው ሰው እንመለስ፤ “ሥራ የሚገኘው በሰው ነው” ወዳለው። “ሰው አለህ?” የሚለው ጥያቄ ሥራ ፈላጊዎች ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ ሆኗል። ብዙ ጊዜ ነገሩን የምናየው በሞራል ብቻ ነው። ሌብነት ነው፣ ነውር ነው እንላለን። ነውር መሆኑ እውነት ነው። ግን የሚሠራበትን መንገድ ካልተረዱት አይነቀልም።

የመጀመሪያው ምክንያት መረጃ ነው። ቀጣሪው ፊት የማመልከቻ ክምር አለ። ሁሉም ዲግሪ አላቸው። የሁሉም ውጤት ጥሩ ነው። ወረቀቱ ምን ያህል እውነት እንደሚናገር ግን እርግጠኛ አይደለም። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የትምህርት ዘርፎች መሰጠት ሲጀምር ያለፉት ከ10 ተፈታኞች 4 ያህሉ ነበሩ። ኮርሱን ጨርሶ ለምርቃት ከደረሰው ተማሪ ከግማሽ በላዩ ፈተናውን አላለፈም ማለት ነው። ወረቀት ሲረክስ የሰው ምስክርነት ይወደዳል። “የእንትና ልጅ ነው፣ አውቀዋለሁ” የሚለው ቃል ዋጋ ያወጣል። ለገንዘብ ያዥነት ወይም ለንብረት ክፍል የሚቀጠር ሰው ከሆነ ደግሞ ታማኝነት ራሱ የሥራው ችሎታ አካል ነው። ታማኝነትን የሚፈትን ወረቀት የለም።

ሁለተኛው ግዴታ ነው። “ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ” እንላለን። ወንበር ያገኘ ሰው ብቻውን አልተማረም። አጎት ከፍሎለታል፣ አክስት አሳድራዋለች፣ ጎረቤት ስንቅ ቋጥሮለታል። ሲሾም ብድሩን እንዲመልስ ይጠበቃል። እምቢ ካለ “ወገኑን የረሳ” ይባላል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይወራበታል። በዚህ ላይ ከባዱ ነገር ሌላ ነው። የተቀጠረው የእህት ልጅ ስም አለው፤ እናቱ መጥታ ታመሰግናለች። ቦታውን ያጣው ልጅ ግን ለቀጣሪው ስም የለውም። ከየት እንደመጣ፣ ስንት ጊዜ እንደተፈተነ አያውቅም። ለዚህ ነው አድልዎ ለሚያደርገው ሰው ደግነት የሚመስለው። ጉዳቱን የተሸከመው ሰው ዓይኑ ፊት የለም።

ሦስተኛው የአሠራር ቀዳዳ ነው። ማስታወቂያው በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ሰሌዳ ላይ ለጥቂት ቀናት ብቻ ይለጠፋል። መስፈርቱ አስቀድሞ ለታሰበ ሰው በልኩ ይሰፋል። የጽሑፍ ፈተናው በትክክል ቢታረም እንኳ የቃል ፈተና ይቀራል። እዚያ ላይ ጥቂት ነጥብ መጨመርና መቀነስ ማንም አያየውም። ይህን ሁሉ አልፎ ለተመረጠ ልጅ ደግሞ የዋስ ጉዳይ ይመጣል። ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ ይባላል። አባቱ ገበሬ የሆነ፣ ከተማ ውስጥ ደመወዝተኛ የማያውቅ ልጅ ከየት ያመጣል? ዋስ መጠየቅ ክፋት የለበትም፤ ንብረት ለመጠበቅ ነው። ውጤቱ ግን ፈተና ያለፈን ድሃ እንደገና በዘመድ መመዘን ነው። ይህ ስለ ሜሪት በሚደረጉ ንግግሮች ላይ ሲነሳ አይሰማም።

ኮምቦልቻ ላይ ሌላ ገጽታ ይታያል። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረት፣ የቢራ ፋብሪካ ከተማ ናት። በሐምሌ 2009 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ማሽን ዘመድ አያውቅም። ቆሞ ያደረ መስመር የሚነሳው የሚያውቅ መካኒክ ሲነካው ነው። በሦስት ሰዓት ውስጥ ካልተነሳ ሁሉም ሰው ያየዋል። ስለዚህ ጥገና ክፍል ውስጥ ማን እንደሚችል ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል፤ ዘመድ ያስገባው ሰውም ቶሎ ይጋለጣል። ቢሮ ውስጥ ግን የአንድ ባለሙያ ድክመት እስኪታይ ዓመታት ሊወስድ ይችላል። አንዳንዴም ጨርሶ አይታይም። ዘመድ የሚበረታው የሥራው ውጤት በማይታይበት ቦታ ነው። ቅጥሩን ከማጥበቅ እኩል፣ የቢሮ ሥራ ውጤቱ ለባለጉዳይ እንዲታይ ማድረግ መፍትሔ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አንድ ፈተና፣ ብዙ መነሻ

አሁን ሁለተኛውን ሰው እንስማው። “ያላስተማሩትን ልጅ ፈትኖ መጣል ምን ይሉታል?” ነበር ያለው።

ሁለት ልጆች እናስብ። አንዱ ደሴ ከተማ የግል ትምህርት ቤት የተማረ ነው። ቤቱ መብራት አለ፣ አስጠኚ አለው፣ ኮምፒውተር ነክቷል። ሌላው ከአምባሰል ገጠር መጥቶ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቶ የሚማር ነው። ስንቁ በወር አንዴ ከቤት ይመጣል። የፊዚክስ መምህር ለወራት ያልነበረበት ትምህርት ቤት ተምሯል። ከ2016 ጀምሮ ፈተናው በከፊል በኮምፒውተር ሲሰጥ፣ ማውስ እንዴት እንደሚያዝ መማር ራሱ ለእሱ ሌላ ትምህርት ነው። ሁለቱ ልጆች ፊት የቀረበው ጥያቄ ግን አንድ ነው።

በዚህ አካባቢ ደግሞ ጦርነት ተጨምሯል። በ2017 የተፈተነ የደሴ ልጅ በ2014 የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ የከተማው ትምህርት ቤቶች ከሰሜን የተፈናቀሉ ወገኖች መጠለያ ነበሩ። ጥቅምት ሲያልቅ ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች ተያዙ። ወደ መንግሥት እጅ የተመለሱት ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሳይቀር ተዘርፏል። ልጁ 10ኛን ጨርሶ 11ኛ ሊገባ ሲል በ2015 ክረምት በክልሉ ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። የዚህን ልጅ 45 በመቶ ከሰላማዊ ከተማ ልጅ 55 በመቶ ጋር አስተያይቶ “ያ ጎበዝ፣ ይህ ሰነፍ” ማለት ከባድ ስህተት ነው።

ይህ ማለት ግን ፈተናው ይቅር ማለት አይደለም። ፈተናው የሚለካው ልጁ ዛሬ የሚያውቀውን ነው። ያንን በትክክል ከለካ ሥራውን ሠርቷል። ምን ያህል ዳገት ወጥቶ እዚህ እንደደረሰ ግን አይለካም። እሱን ለመለካት ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። “የሕክምና ተማሪ ሆኖ ነገ መከታተል ይችላል ወይ?” ለሚለው ፈተናው መልስ ይሰጣል። “ይህ ልጅ ምን ዓይነት ሰው ነው?” ለሚለው አይሰጥም።

ፈተናውን የሚጠሉ ሰዎች ሊያዩት የሚገባ ነገር አለ። ከ2014 በፊት ፈተና በየትምህርት ቤቱ ሲሰጥ መሰረቅና መኮራረጅ የተለመደ ወሬ ነበር። ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተወሰደው በዚያ ምክንያት ነው። በዚያ ጊዜ የተጎዳው ማን ነበር? መልሱን ቀድሞ የሚያገኝበት ስልክም ዘመድም ያልነበረው ልጅ ነው። ሰው ለሌለው ልጅ፣ ሰው የሚሆነው ንጹሕ ፈተና ነው። ፈተናው ሲደክም የሚተካው ፍትሕ አይሆንም፤ ዘመድ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ከመጀመሪያው ሰው ጋር እስማማለሁ።

ኮታ ሲነሳ

ሜሪት የሚለው ቃል እኛ አገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከኮታ በተቃራኒ ነው። ኮታ ማለት ለአንድ ቡድን አስቀድሞ የተመደበ ድርሻ ነው። “ብቃት ወይስ የብሔር ተዋፅኦ?” እየተባለ ሁለቱ እንደ እሳትና ውሃ ይቀርባሉ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቻይና በፈተና ባለሥልጣን መምረጥ የጀመረችው ከ1,400 ዓመት በፊት ነው። እስከ 1905 እ.ኤ.አ. ቆይታበታለች። እ.ኤ.አ. በ1397 አንድ ነገር ተፈጠረ። በቤተ መንግሥቱ ከፍተኛ ፈተና ያለፉት በሙሉ የደቡብ ቻይና ሰዎች ሆኑ። የሰሜን ሰዎች “አድልዎ ነው” ብለው ጮኹ። ወረቀቱ እንደገና ታየ። የደቡቦቹ መልስ በእርግጥ የተሻለ ነበር። ደቡቡ ሀብታምና የተረጋጋ ነበር፤ ሰሜኑ በጦርነት ተጎድቷል። ንጉሠ ነገሥቱ ግን መልሱን አልተቀበሉም። ፈታኞች ተገደሉ፤ የሰሜን ሰዎች ብቻ ያሉበት ሌላ ዝርዝር ወጣ። ከ30 ዓመት በኋላ ነገሩ መልክ ያዘና ለየአካባቢው ድርሻ ተመደበ፤ በየድርሻው ውስጥ ግን ሁሉም በፈተና ይወዳደር ነበር።

ይህን ታሪክ ደሴ ላይ ሆኖ የሚያነብ ሰው ብዙ ነገር ያስታውሰዋል። ፈታኞቹ አልዋሹም። ጩኸቱም መሠረት ነበረው። ትክክለኛ እርማት በተዛባ መሬት ላይ የተዛባ ውጤት አወጣ። መፍትሔ የሆነው ፈታኝ መግደል ሳይሆን ሁለቱን መለኪያዎች ማስተባበር ነበር።

ወደ ሕጋችን ስንመጣ ነገሩ በአፍ ከሚወራው ይለያል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ላይ ለሴቶች የድጋፍ እርምጃ ይፈቅዳል። አንቀጽ 39 ደግሞ ስለ ሚዛናዊ ውክልና ይናገራል። በ1999 ዓ.ም. ወጥቶ እስከ 2010 የሠራው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 በቅጥር ላይ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና በመሥሪያ ቤቱ ቁጥራቸው አነስተኛ ለሆኑ ብሔረሰቦች ተወላጆች ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። ቅድሚያው ግን እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ላላቸው ነበር። የማይችለውን በሚችለው ላይ ሹሙ አላለም። ሁለት የሚችሉ ሰዎች ሲመጡ ሚዛኑ ወዴት ያጋድል የሚል ነበር። ኮታ ተብሎ የሚጠላው ነገር ብዙ ጊዜ ይህ አይደለም። በተዋፅኦ ስም የገባው የፖለቲካ ታማኝነት ነው። ተቺዎች ይህን ሲሉ ቅሬታቸው ተገቢ ነው። የድጋፉን ጥቅም የወሰዱት የየቡድኑ ደህና ኑሮ ያላቸው ልጆች ናቸው የሚለው ትችትም ሊደመጥ ይገባል።

በሌላ በኩል የውክልና ጥያቄ ከሰማይ አልወረደም። በ1962 ዓ.ም. የብሔረሰቦችን ጥያቄ በጽሑፍ ያቀረበው ዋለልኝ መኮንን ደሴ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት የተማረ ነበር። በመደምደሚያው መስማማትም አለመስማማትም ይቻላል። የኢትዮጵያ ሰው ሁሉ መንግሥት ቤት ደጃፍ የሚደርሰው በእኩል መንገድ አይደለም የሚለው ምልከታ ግን ዛሬም መልስ ይፈልጋል።

አንዳንዴ ደግሞ ተዋፅኦ የምንለው ነገር ራሱ ችሎታ ነው። ከኮምቦልቻ ወደ ባቲ የሚወርድ ሰው ይህን በቀላሉ ያየዋል። የሰኞ ገበያ ላይ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ ይገናኛሉ። እዚያ ጤና ጣቢያ የሚመደብ ነርስ አፋርኛ ወይም ኦሮምኛ ካላወቀ በሽተኛው የነገረውን በአስተርጓሚ ይሰማል። በፈተና አምስት ነጥብ የሚያንስ፣ ቋንቋውን የሚያውቅ ነርስ ለዚያ ቦታ የተሻለ ብቁ ሊሆን ይችላል። ብቃት ምንጊዜም “ለምን ሥራ? ለየትኛው ሰው?” ተብሎ መጠየቅ አለበት።

ያበላው ሰፈር

ችሎታን መርጦ ማሳደግ ለወሎ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪው አኮፋዳውን ይዞ አገር ያቋርጥ ነበር። ቅኔ የሚዘርፈው የአባቱ ስም አይደለም። ደረሳውም እንደ ገታና ዳና ባሉ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት ለዓመታት ከሸኹ እግር ሥር ተቀምጦ ኢጃዛ ይቀበል ነበር፤ ኢጃዛ የማስተማር ፈቃድ ነው። በሁለቱም በኩል የድሃ ልጅ ሊቅ መሆን ይችል ነበር። መራጩም ልጁን ለዓመታት ያየ መምህር እንጂ የአንድ ቀን ወረቀት አልነበረም። ሴት ልጅ ግን በአብዛኛው ከደጅ ቀርታለች። ያንን ሳይጠቅሱ ያለፈውን ማወደስ ልክ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል። ያንን ተማሪ ያበላው ሰፈሩ ነው። “በእንተ ስማ ለማርያም” ሲል እንጀራ የሰጠችው እናት፣ ለደረሳው ምግብ ያቀረበው መንደር። ሊቁ በችሎታው ሊቅ ሆነ፤ በብቻው ግን አልሆነም። “በራሴ ጥረት እዚህ ደረስኩ” የሚለው አባባል በዚህ አገር ታሪክ ላይ ሲለካ ጎዶሎ ነው።

ደሴ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት አይጠየፍ አዳራሽ አለ። ስሙ ማንንም ሳይጠየፍ ስለሚያስተናግድ እንደ ወጣለት ይነገራል። በድሮ ግብር ላይ አቀማመጥ በማዕረግ ነበር። ወደ ማዕዱ መግባት ግን ለሁሉም ነው። የወንበር ጥያቄና የማዕድ ጥያቄ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተለያይተው ይኖሩ ነበር ማለት ነው። የዛሬው የሜሪት ንግግር ብዙ ጊዜ ወንበሩን እያየ ማዕዱን ይረሳል።

ከዚህ በኋላ

ቃሉ በአዋጅና በመድረክ ላይ መደጋገሙ የሚቀር አይመስልም። ምን ያመጣል የሚለው የሚወሰነው በአሠራሩ ነው። የቃል ፈተናው እንደ ወትሮው ተዘግቶ፣ ነጥቡ ሳይገለጽ “በሜሪት ነው የተመደብከው” ከተባለ ሰው ፈተናን ራሱን መጥላት ይጀምራል። ይህ አደገኛ ነው። ዘመድ የሌለው ልጅ ያለውን አንድ መንገድ ያጣል። አንዳንዱም በባቲ ወርዶ፣ አፋርን አቋርጦ፣ በጅቡቲ በኩል የሳዑዲን መንገድ ይመርጣል። ወሎ ይህን መንገድ በደንብ ያውቀዋል።

ማስተካከያዎቹ ከባድ አይደሉም። የተፈታኝ ስም በመለያ ቁጥር መተካት፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት የቃል ጥያቄ ማዘጋጀት፣ የእያንዳንዱን ነጥብ በሰሌዳ መለጠፍ፣ የሙከራ ጊዜን የምር ማድረግ፣ ለዋስ ሌላ አማራጭ መስጠት። ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። የሚጠይቁት የሚያየን ሰው ይኑር የሚል ውሳኔ ነው።

የሚከብደው በ2017 ያላለፉት ከ536 ሺህ በላይ ልጆች ጉዳይ ነው። የተወሰኑት በማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያል በሚባለው፣ ሁለተኛ ዕድል ያገኛሉ። ብዙዎቹ ግን ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላካሉ። ዋለልኝ የተማረበት የወይዘሮ ስሂን ስም ዛሬ የሚጠራው በፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅነቱ ነው። በዚያ በር የሚገባውን ልጅ ሰፈሩ “ወድቆ ነው” ይለዋል። ያ ልጅ ብየዳ ወይም ኤሌክትሪክ ሲጀምር ፊቱ የሚቆመው ማሽን ይሠራል ወይ? ተበላሽቶ የቆመ ነው? መምህሩ ሙያውን በእጁ ያውቀዋል? ከሠለጠነ በኋላስ ኮምቦልቻ ያለው ጥገና ክፍል “ሰው አለህ?” ሳይለው ይፈትነዋል? ከዩኒቨርሲቲ ምደባው ይልቅ ቃሉ እውነት መሆኑ የሚታየው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ላይ ነው።